በእማማ ኩባያ ውስጥ የጨመርኩት

ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን ቤቱን ሲያሳየኝ የመድኃኒቱን ሣጥን፣ የምድጃውን ማጥፊያና የእናቱን ሃይማኖት በአንድ ትንፋሽ አስረዳኝ።

"እናቴ ሞርሞን ናት" አለኝ። "ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ መጠጥ የለም። እሁድ ሱቅ አትሄድም። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምን መጠጣት እንዳለባት ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያኗ ነው የሚነግራት። እንደ ሕፃን ነው የሚይዟት።"

እሱ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አድጎ በወጣትነቱ የወጣ ሰው ነው። ሃምሳውን አልፏል። ሲናገር ድምፁን አልቀነሰም፤ እናቱ ሳሎን ተቀምጠው ይሰሙት ነበር።

"ጆሮዬ ደህና ነው" አሉ ካሉበት። "የደከመው እግሬ ነው።"

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከሴት ልጄ ጋር ፓርክዴል በሚባል ሰፈር አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ቶሮንቶ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ሆቴል አልጋ አንጥፌያለሁ፤ ፋብሪካ ቆሜ ሠርቻለሁ። ይህን ሥራ ያገኘሁት አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እህት ወደ ስካርቦሮ ስትዛወር ለእኔ ስለተወችልኝ ነው። ጠዋት በስትሪትካርና በሰብዌይ ባቡር ወደ ምሥራቅ እሄዳለሁ። ቤቱ ከዳንፎርዝ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የጡብ ቤት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔም እቤት ደርሻለሁ። ለዚህ እግዚአብሔርን ያላመሰገንኩበት ቀን የለም።

እማማ ብዬ የጠራኋቸው ከአፌ አምልጦኝ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ 'ስዊቲ' ነበር የምትለኝ" አሉ። "ይሄ ይሻላል።"

ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ሌላ ስም አልነበራቸውም።

እማማ አጭር፣ ነጭ ፀጉራቸውን በየማለዳው በቢጎዲን የሚጠቀልሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሚሄዱት ዎከር፣ ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ እየገፉ ነው። ከተቆላ ገብስና ስንዴ የተፈጨ አንድ ዱቄት አላቸው፤ መልኩ ቡና ይመስላል፤ ቡና ግን አይደለም። ጠዋት ጠዋት በሙቅ ወተት አፍልቼ በትልቅ ኩባያ እሰጣቸዋለሁ። አንዴ ቀምሼው የተቃጠለ ቆሎ ውኃ መሰለኝ። ምንም አላልኩም። እሳቸው ግን የእኔን ምሳ አይተው ዝም አይሉም ነበር።

"ዛሬም ሣር ነው?" ይሉኛል የምስር ሳህኔን እያዩ።

"ረቡዕ ነው እማማ። እንጾማለን።"

"ትናንት አልነበረም፤ ነገ አለ?"

"አርብ አለ። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጾም ይገባል።"

"እሱ ስንት ቀን ነው?"

"ሃምሳ አምስት።"

ኩባያቸውን አስቀመጡ። "ማን ይቆጣጠርሻል? እዚህ ሥጋ ብትበዪ ማን ያይሻል?"

"ሰው አያየኝም።"

"ለማንም አትናገሪም?"

"የንስሐ አባት አለኝ። ለእሳቸው እናገራለሁ።"

"ይጠይቁሻል?"

"ይጠይቁኛል።"

"እንግዲያ ልጄ ለአንቺም ሊያዝንልሽ ነው" አሉና ሳቁ።

ሳቁ እንጂ ነገሩ ውስጤ ቀረ። ልጃቸው እንደ ሕፃን ይይዟታል ያለው ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ብዙ ጊዜ እውነት ይመስለኛል። የሚበሉት፣ የሚጠጡት፣ ልብሳቸው ሳይቀር ደንብ አለው። በየወሩ ሁለት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያኑ መጥተው፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጸሎት አድርሰው፣ የጎደለ ነገር ካለ ጠይቀው ይሄዳሉ። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ሥራም ተሰጥቷቸዋል፤ ከቤት የማይወጡ ሦስት ሴቶችን በየሳምንቱ ስልክ ደውለው ደኅንነታቸውን መጠየቅ ነው።

አንድ ቀን "ነገ ጳጳሳችን ይመጣል" አሉኝ። ጳጳስ ሲባል እኔ የማውቀው ቆብና መስቀል ነው። ወለሉን ሁለት ጊዜ ወለወልኩ። ነጠላዬን በቦርሳዬ ይዤ መጣሁ። በሩ ሲንኳኳ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጎንበስ ብዬ ከፈትኩ። ቀና ስል የሠላሳ አምስት ዓመት ግድም ሰው፣ የሥራ ቱታ ለብሶ፣ የመፍቻ ሣጥን ይዞ ቆሟል። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ከኋላዬ እማማ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

የእነሱ ጳጳስ ከምእመናኑ መካከል ለጥቂት ዓመታት የሚሾም ተራ ሰው ነው። ደመወዝ የለውም፤ በሥራ ቀን እንጀራውን ፍለጋ ይወጣል። ይህኛው የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነበር። ምድር ቤት ወርዶ የእማማን ማሞቂያ ሠርቶ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ።

"እህት፣ ለሦስቱም ደወሉላቸው?" አላቸው።

"ለሁለቱ። ሦስተኛዋ አታነሣም።"

"እስቲ እንደገና ይሞክሩ።"

"እሺ" አሉ እማማ፣ የቤት ሥራ እንዳልጨረሰች ተማሪ። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ያን ቀን ልጃቸው ልክ ነው አልኩ በልቤ።

ሁዳዴ ሲገባ እማማን ያዞራቸው ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ብድግ ሲሉ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፤ ፊታቸው ይነጣል። አንድ ማለዳ ደርሼ በሩን ስከፍት መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አልተሰበሩም፤ ግንባራቸው ላይ ብቻ አበጠ።

"ጨርቅ ውስጥ በረዶ አድርጊልኝና ለልጄ አትንገሪው" አሉኝ።

እብጠቱ ራሱ ነገረው። በሁለተኛው ቀን መጣና ወጥ ቤት ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

"ሐኪሙን አነጋገርኩት። ጠዋት አንድ ኩባያ ቡና ብትጠጣ ሊረዳት ይችላል አለኝ። ብጠይቃት እምቢ ነው የምትለው። ከዚያ ከገብሱ ጋር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሪበት፤ አትለየውም።" በሙቅ ውኃ የሚሟሟ የቡና ዱቄት በጠርሙስ ገዝቶ ይዞ መጥቷል። ከሳሙናው ጀርባ አስቀመጠው።

"ማታለል አይሆንም?" አልኩት።

"መድኃኒት ነው። እንደገና ብትወድቅስ?"

ለመጨመር የወሰንኩት ግን እሱን ፈርቼ አይደለም። በእኛ ሃይማኖት የታመመ ሰው እንዲጾም አይጠየቅም። አራስ አትጾምም፤ አቅም ያጣ ሽማግሌ አይገደድም። እኔ ራሴ በሳንባ ምች በተኛሁበት ዓመት የንስሐ አባቴ "ወተት ጠጪ" ብለውኛል። የእማማም ሕግ እንደዚያው ለደካማ የሚራራ መሰለኝ። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት አማተብኩ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ወስጄ ሰጠኋቸው።

"ዛሬ ጎበዝ ሆነሻል" አሉኝ ቀምሰው። "ጥሩ አፍልተሽዋል።"

በሳምንቱ ማዞሩ ቀለል አለ። ጠዋት ስመጣ ቢጎዲናቸውን ጨርሰው ይጠብቁኛል። ለሦስቱ ሴቶች ደውለው፣ አላነሣም ያለችውንም አግኝተው፣ ለአንድ ሰዓት ያወሯታል። ልጃቸው በስልክ አመሰገነኝ። እኔም ጥሩ የሠራሁ መሰለኝ፤ ለአራት ሳምንት እንደዚያ መሰለኝ።

በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ልጃቸው ስላልተመቸው እማማን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የማደርሰው እኔ ሆንኩ። የእኛ ቅዳሴ በጠዋት ያልቃል፤ የእነሱ ስብሰባ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ሥዕል የለበትም፤ ሕፃናት በየወንበሩ መካከል ይሯሯጣሉ። ያ እሁድ የሚጾሙበት ነው። በዚያ ቀን ሰባኪ አይቆምም፤ የፈለገ ሰው ተነሥቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይመሰክራል።

እማማ ዎከራቸውን ይዘው ተነሡ። አንዲት ልጅ ማይክሮፎን አቀበለቻቸው።

"ሁላችሁም ሳዞር፣ ስወድቅ ታውቃላችሁ" አሉ። "ጸለይኩ። አራት ሳምንት ሆነኝ፤ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ሐኪም ያልቻለውን ጌታ አደረገው።"

ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እማማ ተመልሰው ሲቀመጡ እጄን ያዙ፤ እጃቸው ይሞቅ ነበር።

ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። ደስታቸውን ላበላሽ? አልኩ። ደግሞም ቡናውንም ቢሆን የፈጠረው ጌታ ነው አልኩ። ሰው ለራሱ የሚያገኘው ምክንያት ብዙ ነው።

በሳምንቱ መካከል የልጅ ልጃቸው ደወለች። የልጃቸው ልጅ ናት፤ አባቷ ቢወጣም እሷ አያቷን ተከትላ በቤተ ክርስቲያኑ ጸንታለች። በሰኔ ልታገባ ነው። ጋብቻው የሚፈጸመው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቤተ መቅደሳቸው ነው። እዚያ ደግሞ ዝም ብሎ የሚገባ የለም። በየዓመቱ ጳጳሱ ፊት ቀርቦ ጥያቄ መመለስና የተፈረመበት ትንሽ ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። የእማማ ወረቀት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሆስፒታል በነበሩበት ወራት ጊዜው አልፎበታል። ካልታደሰ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ውጭ መቅረታቸው ነው።

"አያቴ፣ አጠገቤ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው ብላኛለች" አሉ ስልኩን ዘግተው። ቀኑን ሙሉ ደጋገሙት።

በማግስቱ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። "አንቺ ጳጳሱ ነሽ፤ ጠይቂኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ስፈራ እንተባተባለሁ።" ጥያቄዎቹን በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ የሚያስታውሱትን እየነገሩኝ እኔ መልሼ እጠይቃለሁ።

"በእግዚአብሔር ያምናሉ?"

"አምናለሁ። ጳጳሱ እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ አትጎብጪ።"

ቀና አልኩ። "ከሰው ጋር ባለዎት ነገር ሁሉ ታማኝ ነዎት?"

"ለመሆን እጥራለሁ።"

"ቡና፣ ሻይ፣ መጠጥ፣ ትምባሆ ይጠቀማሉ?"

"አልጠቀምም" አሉ። እንደ ሌሎቹ አላሰቡበትም። "ይሄ ቀላሉ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም።"

ከፊታቸው ኩባያው ነበር። ግማሹን ጠጥተውታል።

በዚያ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠበቅኋቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ያኔ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይቶ ነበር የሚጠቀመው፤ ስንጨርስ ወንበሩን አጥፈን እንደነበረ መመለስ አለብን። አባ ወንበር እያጠፉ ነበር። እኔም አብሬ እያጠፍኩ፣

"አባ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ" አልኳቸው።

"በጾም ነው?"

"በጾም ነው። ግን ጾሙ የእኔ አይደለም፤ የማገለግላቸው ሴትዮ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሞርሞን ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ።

"ቡና አይጠጡም?"

"ሻይም አይጠጡም።"

"ለስንት ቀን?"

"ዕድሜ ልካቸውን አባ።"

ወንበሩን እንደያዙ ቆሙ። "እኛ በሃምሳ አምስት ቀን ስናማርር" አሉ። ከዚያ መልሰው ኮስተር አሉ። "ታመሽ ሳለ ወተት ጠጪ ብዬሽ ነበር።"

"አዎ አባ። እኔም እሱን አስቤ ነው።"

"ጠይቀሽኝ፣ ተነጋግረን፣ አንቺ እሺ ብለሽ ነው የጠጣሽው? ወይስ ምስርሽ ውስጥ ደብቄ ጨመርኩብሽ?"

ወንበሩን አጥፌ ከሌሎቹ ላይ ደረደርኩ።

"ለእኔ መናገርሽ መልካም ነው" አሉ። "ግን የበደልሽው እኔን አይደለም። መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሪ፤ ከዚያ እኔ ዘንድ ነይ።"

ሰኞ ጠዋት ገብሱን ብቻ አፍልቼ አቀረብኩ። እማማ ቀመሱና ኩባያውን አዩት።

"ዛሬ ምን ጎደለው?"

ሳይጋብዙኝ ከፊታቸው ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። "ቡና ነው የጎደለው፣ እማማ" አልኩ።

ገና አልገባቸውም። አስረዳኋቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ስንት ማንኪያ እንደሆነ፣ ጠርሙሱ ከሳሙናው ጀርባ እንዳለ ነገርኳቸው። ማን እንዳመጣው አልተናገርኩም።

"ያን እሁድም?" አሉ።

"ያን እሁድም።"

"ታዲያ ፈውሱ…"

"ቡናው ነው።"

ኩባያውን ከፊታቸው ገፉት። ውጭ የጣሪያው በረዶ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይል ነበር።

"ያ ሁሉ ሰው ፊት" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ "ይህ ያንቺ ሐሳብ አይደለም" አሉ። "ልጄ ትንሽ ሳለ ውሻ ነበረን። ውሻው ክኒን አልውጥ ሲል ልጄ በሥጋ ጠቅልሎ ይሰጠው ነበር። አሁን ውሻው እኔ ነኝ።"

ዝም አልኩ።

"ዝም ስትዪ ያስታውቅብሻል" አሉኝ። "እሱ እንደ ሕፃን ይይዙሻል ይለኛል። ምን መጠጣት እንዳለብኝ ይነግሩኛል፤ ውሸት አይደለም። አንዳንዴም ይሰለቸኛል። ግን ነግረውኝ እሺ የምለው እኔ ነኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እሺ አልኩ፤ ባሌ ሲሞት፣ ሁሉ ነገር ሲያስጠላኝ፣ እንደገና እሺ አልኩ። ሌላ ያለኝ ነገር ትንሽ ነው። አንቺና ልጄ እሺታዬን ወሰዳችሁብኝ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ብቻዬን ልቆጣ።"

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ። ሰብዌይ ውስጥ የማለቅሰው ግን ለሥራው አልነበረም።

በማግስቱ አትምጪ ስላላሉኝ በሰዓቴ ሄድኩ። በሩ ላይ ዎከራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ቢጎዲኑ አንድ ጎን ብቻ ነው የተጠቀለለው።

"ትናንት ብቻዬን ተቆጥቼ ጨረስኩ" አሉ። "ሐሙስ ጳጳሱ ጋ ቀጠሮ አለኝ። አብረሽኝ ትገቢያለሽ፤ ምስክሬ ነሽ።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው በመኪና አደረሰን። እንዳወቁበት ነግረውት ነበር። መንገዱን ሁሉ አልተነጋገሩም። እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። የጳጳሱ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ጳጳሱም ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ከረባት ያደረገበት ሸሚዙ ክንዱ ላይ ጥቀርሻ አለበት። እማማ እስኪጠይቃቸው አልጠበቁም። ሁሉንም ነገሩት። እኔ "እውነት ነው" አልኩ።

ወጣቱ ጳጳስ ለመሳቅም ለማዘንም አልደፈረም። "እህት፣ ሳያውቁ ነው" አለ። "ሳያውቁ የጠጡት ጥፋት አይሆንብዎትም።"

"እሱን አውቃለሁ። የምጠይቅህ ሌላ ነው። አሁን አውቄያለሁ። ደግሞ ጠቅሞኛል፤ ከቆመ ጀምሮ ማዞሩ ተመልሷል። ምን ላድርግ?"

እሱ እጁን አየ። "ሐኪም ለሕመም የሚያዘው ነገር ሌላ ነው፤ መድኃኒት ነው ካሉ እኔ አልፈርድብዎትም። መወሰኑ ግን የእርስዎና የሐኪምዎ ነው። እኔ ማሞቂያ ነው የምጠግነው።"

"ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን አድርጊ ያን አታድርጊ ስትሉኝ ኖራችሁ" አሉ እማማ፤ "ዛሬ አንድ ጊዜ ንገሩኝ ብል ራስሽ ወስኚ ትለኛለህ?"

"አዎ እህት" አለ። ፊቱ ቀልቷል።

እማማ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው አልጠጣም። ቀስ ብዬ እነሣለሁ። አሁን ጠይቀኝ።"

ወደ ውጭ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ የተጠያየቁት የሁለቱ ነው። ሲወጡ ወረቀቱን በቦርሳቸው ኪስ ውስጥ እየከተቱ ነበር። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ልጃቸው ክኒናቸውን ይቆጥራል። እኔ ምግባቸውን እከታተላለሁ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ይለካል። ጳጳሱ ግን ጠየቃቸው፤ የመለሱለትንም አመነ። ጓዳቸውን አላየም፤ ኩባያቸውን አላሸተተም። የንስሐ አባቴም እኔን እንደዚያው ነው የሚያደርጉኝ። ለዓመታት ስሄድባቸው ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ትልቅ ሰውን እንደ ልጅ የሚይዝ ሃይማኖት የለም አልልም። ያ ሁሉ ደንብ፣ ያ ሁሉ እሺታ አንዳንዴ እኔንም ያስጨንቀኝ ነበር። የማውቀው እማማን ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ እማማ እንደገና አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። ተነሡ። ማይክሮፎኑን ተቀበሉ።

"ባለፈው ወር ጌታ ፈወሰኝ ብያችሁ ነበር" አሉ። "ቡና ነው የፈወሰኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ አልቻለም፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እማማ እስኪያበቁ ጠበቁ።

"ሳላውቅ ነው የጠጣሁት። የሰጠችኝ ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች፤ በዓይናችሁ አትብሏት። ስለምትወደኝ ነው። ከዚያ ደግሞ ስለምትወደኝ ነገረችኝ። ማዞሩ ተመልሷል። እንደዚያም ሆኖ ጌታን አመሰግናለሁ፤ አሁን የምናገረው እውነት ስለሆነ።"

አሜን አሉ። እኔም በእኛ ዜማ አሜን አልኩ፤ ከፊት ያሉት ዞረው አዩኝ።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠባብ ካልሲ አዘዘላቸው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ እኔ አጠልቅላቸዋለሁ፤ ትግል ነው። "ሳትጠይቂኝ ካልሲውንም ቡና ውስጥ እንዳትነክሪው" ይሉኛል። ጨው ያለው ሾርባ ይጠጣሉ። ጥቂት ጊዜ አዞራቸው፤ አንድ ቀን ደግሞ ወደቁ። እኔም ልጃቸውም ጠርሙሱን አላነሣነውም። ጥለነው ነበር።

በሰኔ ሠርጉ ሆነ። ቤተ መቅደሱ ነጭ፣ በአበባ የተከበበ ነው። እማማ ወረቀታቸውን አሳይተው ከልጅ ልጃቸው ጋር ገቡ። እኔና ልጃቸው የውጭ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ቀረን። የገዛ ልጁ ውስጥ ስታገባ እሱ ምንጣፍ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ሙሉ ልብስ ለብሷል። አበባ ደረቱ ላይ ሰክቷል።

"አባቷ ነኝ" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አዘንኩለት፤ እስከ ዛሬም አዝንለታለሁ። ይህን በምን ቃል እንደማስረዳው አላውቅም፤ የእኔም ቤተ ክርስቲያን የሚዘጋቸው በሮች አሉት። ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ቆርሼ ሰጠሁት። በላ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ወጡ። ሙሽሮቹ አበባው መካከል ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሙሽራዋ አባቷን አይታ ሮጣ መጥታ አንገቱን አቀፈችው፤ ቬሏ ትከሻው ላይ ተጠመጠመ። እማማ ዎከራቸውን እየገፉ ደርሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ደክሟቸዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

ጥቂት ቆይቶ ፎቶግራፍ አንሺው ቤተሰቡን ጠራ። እማማ ሊነሡ ሲሉ ልጃቸው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ከዚያ እጁን መልሶ ሰበሰበ።

"እናቴ፣ ልያዝሽ ወይስ ራስሽ ትነሺያለሽ?" አላቸው።

እማማ ቀና ብለው አዩት። "ራሴ" አሉ። "አንተ ቅረብና ቁም። ካዞረኝ እነግርሃለሁ።"

ቀረብ ብሎ ቆመ። እማማ በሁለት እጃቸው ዎከሩን ያዙ፤ አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ ቀስ ብለው ተነሡ። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ፣

"አሁን ክንድህን ስጠኝ" አሉት።